ብርና ዶላር፦ የምንዛሪ ተመን ታሪክ

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አንድን ጉዳይ በምክንያትና በውጤት አያይዞ ያስረዳል። ስታነቡ እያንዳንዱ ለውጥ ከምን እንደ መነጨ፣ ማንን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጎዳ በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ።

የአንድን አገር ገንዘብ በሌላው አገር ገንዘብ ለመግዛት የሚከፈለው ዋጋ የምንዛሪ ተመን ይባላል። ነገሩ ለወሎ ገበያተኛ እንግዳ አይደለም። በቀደመው ዘመን በአገራችን ገበያዎች አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ለመገበያያ ያገለግሉ ነበር። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና 1780 የሚል የፈረንጆች ዓመት የተቀረጸበት የብር ገንዘብ ነው። በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር ግን በየቦታው ይለያይ ነበር። ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሓ እየተራቀ በተሄደ መጠን የጭነቱና የቀረጡ ወጪ ስለሚጨምር አሞሌው ይወደዳል፤ በአንድ ጠገራ የሚገኘውም ቁጥር ያንሳል። እንግዲህ ተመን እንዲሁ የተጻፈ ቁጥር ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ምርት፣ ድካምና ፍላጎት የሚያሳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ የምንጠቀምበት ብር ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ በአገሪቱ ይዘዋወሩ የነበሩትን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግንና ጠገራ ብርን የተካው ይኸው ገንዘብ ነው። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በውጭ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል እንጂ በአማርኛ ስሙ ከመጀመሪያው ብር ነበር። ዋጋው በወርቅ ልክ የተወሰነ በመሆኑ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ተመኑ 2.50 ሆነ።

በነሐሴ 1963 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር በወርቅ መለወጡ እንዲቆም አደረጉ። ከዚያም አሜሪካ የዶላርን የወርቅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ዝቅ ስታደርግ ኢትዮጵያ የብርን የወርቅ ዋጋ ሳትለውጥ ቀረች። በዚህም የተነሣ አንድ ዶላር በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. 2.30 ብር፣ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ 2.07 ብር ሆነ። ብር ከፍ ያለው የኢትዮጵያ ምርት ስለ በዛ አልነበረም፤ ዶላሩ ስለ ወረደ ነው።

ይህ 2.07 የተባለ ተመን ሃያ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ኖረ። በነዚያ ዓመታት አብዮት ፈነዳ፤ ጦርነትና ድርቅ ተፈራረቁ። አገሪቱ በቡና ሽያጭ የምታገኘው ዶላር ለነዳጅ፣ ለመድኃኒትና ለመለዋወጫ አልበቃ አለ። በወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር ባይለወጥም፣ በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ከመንግሥቱ ተመን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸጥ ጀመር። ስለሆነም የጸና ቁጥር የጸና ገንዘብ ማለት አይደለም።

በመጨረሻ በመስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ውጤቱን በምሳሌ እንመልከት። በኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ 10,000 ዶላር የሚያወጣ መለዋወጫ ለማስመጣት ቀድሞ 20,700 ብር ይከፍል ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ 50,000 ብር ይጠየቃል። በአንጻሩ ምርቱን ወደ ውጭ የሚሸጥ ነጋዴ በ100 ዶላር ያገኝ የነበረው 207 ብር ወደ 500 ብር ያድግለታል። አንዱ ሲከፋው ሌላው ይደሰታል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብር ቀስ በቀስ ሲወርድ ቆየ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በባንኮችና በደንበኞቻቸው ስምምነት እንዲወሰን ፈቀደ። ከ57 ብር ጥቂት ይበልጥ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ገደማ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ።

ለውጡ በየቤቱ ይገባል። ከደሴና ከአካባቢዋ ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሄደች ልጅ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ በብር ሲቆጠር ይበዛል። ነገር ግን እናቲቱ ከሱቅ የምትገዛው ዘይትና ከመድኃኒት ቤት የምታመጣው መድኃኒት ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ዋጋው አብሮ ይንራል። የተላከላት ሲሳይ ሆኖ ሲታያት፣ ልጅ ያልላከላት ጎረቤቷ ግን ጭማሪውን ብቻ ትሸከማለች።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት እንዲመረትበት መታሰቡ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቁናን ማስፋት ወይም ማጥበብ በጎተራ ያለውን እህል አያበዛም፤ አያሳንስምም። ተመንም እንደዚሁ ነው። ለብር ጽኑ መሠረት የሚሆነው አገሪቱ አምርታ ለሌሎች የምትሸጠው ነገር ነው።

ጥያቄዎች

1. በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር በየቦታው የሚለያየው ለምንድን ነው?
2. በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ብር ከፍ ያለበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
3. «የጸና ቁጥር የጸና ገንዘብ ማለት አይደለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በምንባቡ ማስረጃ አብራሩ።
4. «በአንጻሩ»፣ «ስለሆነም» እና «በዚህም የተነሣ» የሚሉትን አያያዦች በመጠቀም፣ በሰፈራችሁ ገበያ ዋጋው ስለ ተለወጠ አንድ ዕቃ ባለ ሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።