በጓዳ ስለሚገኝ የኬሚስትሪ ትምህርት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተጻፈ

የነገሮች ጠባይ ምን እንደ ሆነ፥ አንዱም ከሌላው ጋር ሲገናኝ እንዴት እንደሚለወጥ የሚመረምረው ትምህርት ኬሚስትሪ ይባላል። ይህን ስም የሰማ ሰው ትምህርቱ ከባሕር ማዶ በመጣ ብልቃጥ ካልሆነ በቀር የማይፈጸም ይመስለዋል። ነገር ግን ሊጥ የምታቦካ እናት፥ ጠላ የምትጠምቅ ባልቴት፥ ከጥቀርሻ ቀለም የሚበጠብጥ ጸሐፊ፥ ሁሉም ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። የጐደለን ሥራው አይደለም፤ ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

እኔ በልጅነቴ እንጀራ ስለ ምን ዓይን እንደሚያወጣ አንድ ታላቅ ሰው ብጠይቅ «ዝም ብለህ ብላ» ተባልሁ። መልሱንም ያገኘሁት ከጐለመስሁ በኋላ ነው። የሕፃን ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተገሠጸ ሁለተኛ ለመውጣት ይፈራል። ስለዚህ መምህሩ ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት ሙከራዎች ከሕፃናቱ ጋር ይሥራ። ከእያንዳንዱም ሙከራ አስቀድሞ «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅና መልሳቸውን በሰሌዳ ይጻፍ፤ ግምቱ የተሳሳተበትንም ልጅ አይቈጣ። በቅኔ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንደሚፈልጉት፥ በዚህም ትምህርት ዓይን የሚያየው ሰም ነው፤ ወርቁ ምክንያቱ ነው።

፩ኛ፤ የእርድ ምስክርነት። በዋዜማው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የእንጨት አመድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ማሳደር ነው። ሲነጋ ከላይ የጠለለውን ውሃ መምህሩ ራሱ ቀስ አድርጎ ይቅዳ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ ከበጠበጠ በኋላ በሦስት ስኒ ይክፈለው። በመጀመሪያው ስኒ የሎሚ ጭማቂ፥ በሁለተኛው የአመዱን ውሃ ይጨምር፤ ሦስተኛውን ለማመሳከሪያ እንዳለ ይተወው። ሎሚ የገባበት ቢጫ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የአመድ ውሃ የገባበት ግን ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። በዚህም በቀላው ላይ ሎሚ ጠብ ጠብ ቢያደርጉበት እንደ ገና ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ሎሚ አሲድ ከሚባሉት ጐምዛዛ ነገሮች ወገን ነው፤ የአመድ ውሃ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ከሆኑት፥ ቤዝ ከሚባሉት ወገን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበርዳል። እርዱም በመካከል ቆሞ ቤዝ መኖሩን የሚናገር እማኝ ነው። የሳሙና ውሃም ቤዝ ስለ ሆነ፥ በእርድ የቆሸሸ ነጭ ልብስ በሳሙና ሲያጥቡት የሚቀላው በዚሁ ምክንያት ነው።

፪ኛ፤ የእንቍላል ቅርፊት። ባዶውን ቅርፊት አጥቦ በብርጭቆ አድርጎ፥ እስኪሸፍነው ድረስ ኮምጣጤ ማፍሰስ ነው። ወዲያው ትንንሽ አረፋ በቅርፊቱ ላይ ይታያል። ኮምጣጤውን እየለወጡ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያቈዩት ጠንካራው ክፍል አልቆ ስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። የእንቍላል ቅርፊት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውም አየር በአረፋ ሆኖ ይወጣል።

፫ኛ፤ የእርሾ እስትንፋስ። በሁለት ጠርሙስ ዱቄት፥ ጥቂት ስኳርና ለብ ያለ ውሃ እኩል አድርጎ መጨመር፥ በአንደኛው ብቻ እርሾ ማግባት፥ በሁለቱም አፍ ላይ ፊኛ ማሰር ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ ቢያሳድሩት እርሾ ያለበት ፊኛ ይነፋል፤ የሌለበት ግን ያን ያህል አይነፋም። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም ስኳሩን ሲመገቡ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ጠርሙሱን በቡሽ ወይም በክዳን መድፈን ግን ክልክል ነው፤ አየሩ መውጫ ቢያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋልና።

እንግዲህ ወርቁ ይህ ነው። ከቅርፊቱ የወጣው አረፋ፥ ፊኛውን የነፋው አየር፥ ከአፋችንም በምንተነፍሰው ውስጥ ያለው አንድ ነው። በሊጡ ውስጥ ተሰውሮ የቆየው ይህ አየር ምጣዱ ሲግል ከእንፋሎት ጋር ቀዳዳ አበጅቶ ይወጣል፤ የእንጀራው ዓይንም የመውጫው በር ነው። በልጅነቴ የጠየቅሁት መልሱ ይህን ያህል ቅርብ ነበረ።

ይህን መንገድ የተከተለ ታላቅ ሊቅ አለ። ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ይማር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ. ም. መጨረሻና በ1861 ዓ. ም. መባቻ በለንደን ከተማ ለወጣቶች ስድስት ትምህርት ሰጠ፤ የትምህርቱም መነሻ በየቤቱ የምትበራ አንዲት ሻማ ነበረች።

አሁን ደግሞ ስለ ጥንቃቄ እንናገራለን። የአመድ ውሃ ዓይንን ይጐዳል፤ ስለዚህ ሕፃናት ራሳቸው አይቅዱት። ዓይን ውስጥ ቢገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ማጠብና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ለሙከራ የቀረበውን ማናቸውንም ነገር መቅመስ አይፈቀድም። ከሁሉ ይልቅ በረኪናን ለሙከራ አታቅርቡ፤ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ቢቀላቀል ክሎሪን የሚባል ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ይወጣዋልና። በረኪናንም ሆነ ላምባን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ የተጠማ ሕፃን ጠጥቶ እንዲሞት ምክንያት መሆን ነው።

መምህራን ሆይ፥ ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይበልጣል። በቃል ማጥናት መልካም ነው፤ እኛም የተማርነው በዚያው ነው። ነገር ግን ልጁ «እንዲህ ተባልሁ» ከሚለው ጋር «እንዲህ አየሁ» ማለትንም ይልመድ። እናንተም ሽማግሎች፥ ሕፃን «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ ወደ እናንተ ቢመጣ ዝም በል አትበሉት፤ መልሱን ባታውቁት «ና፥ አብረን እንየው» በሉት።