ባለጸጎችን ብቻ ያሳፈረው አየር መንገድ
(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



በመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ባሕር ማዶ የተሻገረ ሰው፣ በአይሮፕላን ውስጥ ሁለት ዓይነት መቀመጫ መኖሩን ሳያስተውል አይቀርም። ከፊት ያለው ሰፊና ዋጋው የከበደ፣ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ነው፤ ከኋላ ያለው ጠባብና ብዙ ሕዝብ የሚሳፈርበት ነው። እንግዲህ «ጠባቡን ሁሉ አንሥቼ ብዙ የሚከፍለውን ብቻ ባሳፍር አልከብርምን?» የሚል ነጋዴ ቢነሣ አያስደንቅም። ዛሬ የምናወሳው ኢዮስ የተባለው አየር መንገድ ይህን አሳብ በሥራ ፈተነው።

ኢዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ከለንደን ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከስታንስቴድ ወደ ኒውዮርክ መብረር ጀመረ። 200 ያህል ሰው ሊይዝ በሚችለው በቦይንግ 757 ውስጥ 48 መቀመጫ ብቻ አኖረ። እያንዳንዱም ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አልጋ ይሆን ነበር።

ነገር ግን ምቾት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ ነው። አይሮፕላኑ ቢሞላም ባይሞላም የአብራሪው ደመወዝ፣ የማረፊያው ክፍያና አብዛኛው የነዳጅ ወጪ አይቀርም። ዋጋው ለሁሉም እኩል ቢሆን፣ ከ200 መቀመጫ 12ቱ ባዶ ሲቀሩ ከገቢው የሚጐድለው ከመቶ 6 እጅ ነው፤ ከ48 መቀመጫ 12ቱ ባዶ ሲቀሩ ግን ሩቡ ይጐድላል።

ሁለተኛው ችግር የሰዓት ነው። ስብሰባው የረዘመበት የንግድ ሰው በሚቀጥለው በረራ መሄድ ይፈልጋል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ከሂትሮው በቀን ደጋግመው ሲነሡ፣ ጥቂት አይሮፕላኖች ብቻ የነበሩት ኢዮስ ይህን ሊያደርግ አልቻለም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ ከዚያው ከስታንስቴድ ተነሥቶ ይፎካከረው ጀመር።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ 60 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት፣ በ2008 ዓ.ም. መባቻ 100 ዶላር ደረሰ። ኢዮስም አዲስ ገንዘብ ፈልጎ ስላላገኘ፣ በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር በረራውን አቆመ። ሠራተኛው ከሥራው፣ ተሳፋሪውም ከመንገዱ ቀረ።

በኢዮስ ላይ የደረሰው በእርሱ ብቻ አልቀረም። ማክስጄት በ2007 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሲልቨርጄትም በ2008 ዓ.ም. በሜይ ወር ሥራቸውን አቆሙ። ሆኖም አሳቡ ጨርሶ አልሞተም፤ በ2014 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ኒውዮርክ የጀመረው ላ ኮምፓኒ፣ በ2019 ዓ.ም. ነዳጅ ቈጣቢ የሆነ ባለ 76 መቀመጫ ኤርባስ አሰማርቷል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ከኋላ ተጨናንቆ የሚቀመጠው ሰው የሚከፍለው ጥቂት ቢመስልም፣ ተደምሮ የጉዞውን ሸክም ይጋራል። ብዙኃኑን አውርዶ በጥቂቶች ላይ የሚደገፍ ድርጅት፣ ጥቂቶቹ የጐደሉ ዕለት የሚይዘው ምርኵዝ አይኖረውም።