ስትሮክ ያገኘው ሰውና የትንሣኤ ማዕድ

የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ ብርሃነ ትንሣኤው ሲደርስ፣ በየቤቱ ዶሮው ይታረዳል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ጠላው ይጠመቃል። ደስታው የተገባ ነው። ነገር ግን በማዕዱ ዙሪያ ከሚሰበሰቡት መካከል በስትሮክ ተመትተው የተረፉ አባቶችና እናቶች አሉ።

ስትሮክ የሚደርሰው የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ አለዚያም ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የሁለቱም ዋነኛ መንሥኤ የደም ግፊት ነው። አንድ ጊዜ የተመታ ሰው ዳግመኛ የመመታት ሥጋቱ ከፍተኛ ቢሆንም ሊቀነስ ይችላል። ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ምልክቱ ደርሶባቸው የነበሩ 6105 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፕሮግረስ» የተሰኘ ጥናት፣ የግፊት መድኃኒት ስትሮክን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

አደጋው «ተሽሎኛል» ከሚለው ቃል ይጀምራል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ ምስክሩ መለኪያው ብቻ ነው። ከስትሮክ በኋላ ሐኪሞች ለብዙዎቹ ታካሚዎች ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ይሻሉ። ቁጥሩ ሲስተካከል መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት እንጂ ከእንግዲህ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ጸበል ስለተጠመቁ ክኒኑን የሚያቋርጡም አሉ። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊም ሐኪምም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ጎን ለጎን ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረዋል። ለደም ግፊት መድኃኒትም ነገሩ የተለየ ሊሆን አይችልም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አያስገድድም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር እንጂ ጾም ሲገባ በራስ ፈቃድ መተው አይገባም።

በበዓሉ ቀን የቤተሰቡ ድርሻ ቀላል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬውና ሽሮው አስቀድሞ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ ይህም ይቆጠራል። ጨው ያልገባበትን ወጥ ለሕመምተኛው ቀድሞ መቅዳት ይቻላል። ለአክብሮት ተብሎ በመጠጥ ማስጨነቅም ይቅር። ግፊት ሲለካ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊትም ቡና አለመጠጣት ያሻል።

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ግን «በዓሉ ይለፍ» ሳይባል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ለወላጆቻችሁ ዶሮ ይዛችሁ የምትሄዱ ልጆች ሆይ፣ የመድኃኒታቸውን ዕቃ ከፍታችሁ እዩ፤ ባዶ ከሆነ ከዶሮው በፊት እርሱን አሟሉ።

መልካም በዓል።