ከቡአ ጋር የሚምታታው እብጠት

በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ማሳዎች ጆንያ ሲሸከም የሚውል ወጣት ቆለጡ አብጦ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቡአን ነው። «ከባድ ነገር አንስቼ ነው» ይልና ለማንም ሳይተነፍስ ያከርመዋል። ብዙ ጊዜ እውነትም ቡአ ይሆናል። እብጠቱ ከራሱ ከፍሬው ላይ የወጣ፣ ጠጠር ያለና የማያም ከሆነ ግን የቆለጥ ካንሰርም መጠርጠር አለበት።

በሽታው በአፍሪካ ብዙ አይታይም። ሲመጣ የሚይዘው ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ቤት የሚመሩትን ነው። በልጅነቱ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

ዕጢው ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ ምልክት ይተዋል። ሐኪሞች 3 ነገሮችን ይለካሉ፦ አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች። የመጀመሪያውን በብዛት የሚያመነጨው ፅንስ ነው፤ በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሁለተኛው በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ የሚፈልገው ሆርሞን ነው። ኤልዲኤች በብዙ ሕመም ስለሚጨምር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ዋናው ቁም ነገር ቁጥሮቹን ማነጻጸር ነው። ደም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቀዳል፤ ዕጢው በብሽሽት በኩል ከወጣ በኋላም ይደገማል። አልፋ ፌቶፕሮቲን ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ በግማሽ መውረድ አለበት። 800 የነበረው በሳምንቱ 400 ወይም ከዚያ በታች፣ በሁለተኛው ሳምንት ከ200 ያልበለጠ ይሆናል ማለት ነው። ቤታ ኤችሲጂ ከዚህም ይፈጥናል። ቁጥሩ አልወርድ ካለ ወይም ከወረደ በኋላ ተመልሶ ከወጣ፣ በሽታው ሌላ ቦታ መቅረቱን ሊጠቁም ይችላል።

ሆኖም ቁጥሩ ደህና ሆነ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ሴሚኖማ የሚባለው ዓይነት አልፋ ፌቶፕሮቲንን አይጨምርም። በሌላ በኩል፣ ሄፓታይተስ ቢ በሚበዛበት አገራችን የጉበት ሕመምም ይህንኑ ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የደሙ ውጤት የሚነበበው ከአልትራሳውንድና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ነው።

ሕክምናው ደግሞ ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ላውረንስ አይንሆርን በአሜሪካ ኢንዲያና ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ጋር አዋሕደው መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ የተሰራጨው በሽታ እንኳ በአብዛኛው የሚድን ሆኗል። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶበት ድኗል።

ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ ወጪም ድካምም አለው። ቢሆንም እብጠት ያየ ወጣት አይፈር፤ ለሐኪም ያሳይ። ቀዶ ሕክምና ከተወሰነለት ደሙ አስቀድሞ መቀዳቱን ይጠይቅ፤ የእያንዳንዱን ምርመራ ወረቀትም አይጣል፤ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው በእሱ ነውና።