የአይራ አደራ
ክፍል ሦስት

ባለፈው ሳምንት፦ ዘመኑ 1978 ነው። ከወለጋ ለቡና ለቀማ መጥተው ቴፒ የቀሩት አካኮ፣ አርበኛ አባታቸውን ሲያወድሱ አምሽተው፣ አልጋቸው ሥር የኖረውን የቆርቆሮ ሣጥን ለልጅ ልጃቸው ሊከፍቱላት ቃል ገቡ።

“አካኮ፣ ሣጥኑ የማን ነው?”

“የአይራ ሚሲዮኖች። የጀርመኖቹ።”

ቶናው እስኪቀዳ ዝም አሉ።

“እነዚያ ሰዎች እኛን ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። የሄርማንስቡርግ አባቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1853 መርከብ አሠርተው፣ በንግሥት ህንደኬ ስም ሰይመው፣ ወደ ኦሮሞ አገር ተነሡ። ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ቀሩ። አይራ የደረሱት ተከታዮቻቸው ናቸው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ትምህርት፣ መድኃኒት፣ መዝሙር። ገናቸው ሲደርስ ጽድ ቆርጠው ቤት ውስጥ ያቆሙና ሻማ ይለኩሱበታል። ሴትዮዋ ኦርጋን ትጫወታለች፤ እኛ የማድ ቤት ልጆች በር ላይ ቆመን በማናውቀው ቋንቋ አብረን እንጮኻለን። ጦርነቱ ሲመጣ ሻማው አነሰ፣ ከአገራቸው የሚመጣው ደብዳቤ ቀረ። በመጨረሻው ገና ኦርጋኑም አልተከፈተም።”

ጣሊያን የስዊድን ሚሲዮኖችን ሲያባርር ጀርመኖቹን የተዋቸው ከሂትለር ጋር ወዳጅ ስለነበረ ነው። በ1933 እንግሊዝ ሲመጣ ያው ፓስፖርት ዞሮ ወነጀላቸው። ስንት ሕመምተኛ እንዳከሙ በጦርነት ጊዜ ማን ይጠይቃል! እነሱ ተጠርዘው ሲወጡ የአይራ ምእመናን በቄስ ዳፋ ጃሞ እጅ ቀሩ።

“በሚሄዱበት ሌሊት ሴትዮዋ ይህን ሣጥን ከነቁልፉ ሰጠችኝ። ‘እስክንመለስ እንዳትከፍተው’ አለችኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።”

“ተመልሰው የለ እንዴ? እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።”

“ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሱ።”

“ታዲያ ለምን አልሰጧቸውም?”

“ከፍቼው ነበራ!”

ቁልፉን ከአንገታቸው ክር አወጡ። ዝገቱ አስቸገራቸው፤ ልጅቷ ሣጥኑን ይዛላቸው ሁለት ጊዜ ካዞሩት በኋላ ተከፈተ። ከመዝሙር ኖታዎቹ በላይ አንድ ፎቶግራፍ ተቀምጧል። ከጣሊያኑ ሻምበል ጎን ባርኔጣውን አውልቆ የቆመው ሰው፣ አርበኛው አባታቸው ነበር።

(ክፍል አራት በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል)