የቫይታሚን መርፌ ድባቴን አያድንም

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ልቡ እየመታ፣ ከሥራም ከሰውም ርቆ ወደ ሕክምና የሚመጣ ሰው «ነርቭ ነው» ተብሎ የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወግቶ የሚሸኝበት ልማድ ሊቆም ይገባል። ሕመሙ ድባቴ፣ ማለትም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት ከሆነ፣ ሊያገኝ የሚገባው በሠለጠነ ባለሙያ፣ በቀጠሮና በሥርዓት የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና ነው።

1. መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው መርሐ ግብር ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ አለበት የሚባለው ስሕተት ነው።

2. ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን የሪፈር ወረቀት ይዞ አምቦ ወዳሉት ሆስፒታሎች መሄድ ይቻላል፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ይህን ወረቀት ባይዝ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

3. መርፌው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ድባቴን በቫይታሚን መርፌ ማከም ውጤት አልባ መሆኑን ጠቅሶ ይከለክላል። እጥረቱ በምርመራ የተረጋገጠለት ሰው ቫይታሚን መውሰዱ ተገቢ ነው፤ ሳይመረመሩ መወጋት ግን ገንዘብንና፣ ከሁሉም በላይ፣ ሕመሙ ሳይጠና ሊታከም የሚችልበትን ጊዜ ያባክናል።

ልማዱ የጸናው መርፌ በደቂቃ ስለሚያልቅና ታካሚውም እንደታከመ ስለሚሰማው ነው። ንግግር ግን ጊዜና የሚዘጋ በር ይፈልጋል፤ ተቋማት ደግሞ በቀን ስንት ሰው እንደታየ እንጂ ስንቱ እንደተደመጠ አይጠይቁም፣ የሠለጠነውንም ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩታል፤ ይህ የበጀት እጥረት ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ቸልተኝነት ነው።

ለንግግር ሕክምና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አጭር ሕክምና አምስት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ያሉት ሲሆን፣ ታካሚው ትንፋሽን ማረጋጋትን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተወውን ሥራ በጥቂቱ መጀመርንና የሰው ድጋፍ መፈለግን ይለማመዳል። በዚምባብዌም ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው ሥራ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕመምተኞችን እያነጋገሩ የድባቴን ምልክቶች መቀነሳቸው በጥናት ተረጋግጧል። በምዕራብ ሸዋ እንዲህ ያለው ሕክምና እንዲሠራ ንግግሩ ታካሚው በሚያስብበት ቋንቋ፣ ለአብዛኛው ሰው በአፋን ኦሮሞ፣ መካሄድ አለበት።

ሕመሙ የጠናበት ሰው ከንግግሩ ጋር መድኃኒት ሊታዘዝለት ስለሚችል የጀመረውን ክኒን በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ ብቻውንም ሳይተው፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።