አያት በግዕዝ፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ፦ የቤተ እስራኤል ቅዳሜ

ከቴል አቪቭ በስተደቡብ፣ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች በአንዷ፣ ቅዳሜ በጠዋቱ ከአንድ ቤት ሦስት ትውልድ ወጣ። አያትየው ነጭ ኩታቸውን ተጎናጽፈው ቄሶቹ በግዕዝ ወደሚጸልዩበት ቤት አቀኑ። የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ኪፓውን ደፍቶ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ወዳሉበት የዕብራይስጥ ምኩራብ ሄደ። አባትየው ሁለቱንም ከደጅ ሸኝቶ ተመልሶ ገባ።

እኔ እንግዳቸው ነበርኩና አያትየውን ተከተልኩ።

ቄስ ስል አንባቢ የክርስቲያን ቄስ እንዳይመስለው። የቤተ እስራኤል የሃይማኖት አባቶችም መጠሪያቸው ይኸው ነው። የጸሎት ቤታቸውንም በአገር ቤት "መስጊድ" ይሉት ነበር፤ መስገጃ ቦታ ማለት ነው። የዚያን ቀኑ ጸሎት ቤት ተራ አዳራሽ ነው። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠዋል። ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሁለት ቄሶች ጸሎቱን በቃላቸው እየተቀባበሉ ያወርዱታል። ዓይኔን ስጨፍን ያደግሁበት ደብር ያለሁ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጎንደር ሄዳ የቤተ እስራኤልን ዜማ የቀዳችው አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለሜይ፣ ጸሎታቸው ከኢትዮጵያ ገዳማት ሥርዓት ጋር ያለውን ዝምድና በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች። በሁለቱም ወገን ይህን መስማት የማይፈልግ ሰው አይጠፋም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሴቶቹ ዓርብ ጋግረው ያመጡት ዳቦ ቀረበ። ቄሱ ባርከው ቆረሱና ለሁሉም ታደለ። በአዳራሹ ውስጥ ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት እናቱ እግር ሥር የሚጫወት አንድ ሕፃን ብቻ ነበር።

በአገር ቤት እንዲህ አልነበረም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ በማግስቱ ትኩስ ወጥ የለም፣ ቡና የለም። ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ አብሮ ይወጣል። ቄሱ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙታል። ልጅ ገባው አልገባው ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ዳቦውን እየጠበቀ ዜማውን ይለምደዋል።

ታዲያ ይህ ቤተሰብ በሁለት ምኩራብ እንዴት ተከፈለ? ነገሩ ፖለቲካም አለበት። የሴፋርዲሙ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው በየኑ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ ይመለከታቸዋል አለ። ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ መጡ፤ በሁለተኛው በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ሕዝቡ አይሁድ ነው ተብሎ ሲገባ ቄሶቹ ግን ማጋባት አልተፈቀደላቸውም። ይባስ ብሎ ረቢዎቹ ሊጋቡ የፈለጉትን በውኃ ተነክራችሁ አይሁድነታችሁን አድሱ አሏቸው። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም፣ ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ።

ልጆቹስ? አብዛኞቹ ወደ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች፣ ብዙዎቹም ወደ አዳሪ ቤቶች ተላኩ። እዚያ ተልሙድን፣ ቴፊሊን ማሰርን፣ አባቶቻቸው የማያውቁትን የሐኑካን በዓል ተማሩ። ትምህርቱ በራሱ ክፉ አልነበረም። ግን አንድ ልጅ የአያቱ ቄስ ጋብቻ መባረክ እንደማይችል እያየ አድጎ፣ የቄሱን ጸሎት ያክብር ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

አያትየው ስለ ልጁ ባር ሚጽቫ አጫወቱኝ። በቤተ እስራኤል ልማድ ይህ በዓል አልነበረም። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው በምኩራቡ ቶራውን አነበበ፤ አያቱም ለክብር ወደ ንባቡ ተጠሩ። የዕብራይስጡን ቡራኬ አያውቁትም። ልጁ ጠጋ ብሎ ቃል በቃል በጆሮአቸው አቀበላቸው። "ደስ አለኝም፣ አፈርኩም" አሉኝ። ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው፦ "ሰንበትን ያክብር እንጂ በፈለገው ቋንቋ ይጸልይ!" ሲሉ ተሰሙ። ሽማግሌው አልመለሱላቸውም።

የስግድ ዕለት ግን ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለውን ይህን በዓል ክኔሴት በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በአምቦበር ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጡ የነበሩ፣ ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያሳየው ከአርሞን ሃናጺቭ ይሰበሰባሉ። ቄሶቹ በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ሆነው ያነባሉ፣ ጾሙ በምግብና በእስክስታ ይፈታል። ያምራል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የሃምሳ አንድ ቅዳሜ ዕዳ ይከፍላል ወይ? ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆነን ልጆቻችንን በፋሲካ ብቻ ወደ ቅዳሴ የምንጎትት እኛም መልሱን ሳናውቀው አንቀርም።

ግዕዙ ይገባዎታል ወይ ብዬ አያትየውን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። "እኔም እንዳንተ እዚያና እዚህ ነው የምይዘው" አሉ። በጸሎታቸው ውስጥ የአገውኛ ቃላትም አሉ፤ አባቶቻቸው የተናገሩትን ያን ቋንቋ እሳቸው አይናገሩትም። ቋንቋው ከአፍ ጠፍቶ በጸሎት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

በእኩለ ቀን ሦስቱም በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። አባትየው በወይኑ ላይ ቂዱሽ አደረሰ። አያትየው በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡትን የተባረከ ዳቦ ቆርሰው ለልጁ ሰጡት። አያቱን በዕብራይስጥ "ሳባ" ብሎ ነው የሚጠራቸው።

"ሳባ፣ ቄሱ ዳቦውን ሲባርኩ የሚሉት ምን ማለት ነው?"

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ።

"የመጣው ቅዳሜ አብረን እንጠይቃቸዋለን።"